ጥቁር መስመር ብቻውን ቱቦ አይሆንም

በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሞያሌም ሆነ በሌሎቹ የደቡብ ቆላ ከተሞች ጌም ቤት የገባ ሰው ዛሬ በአብዛኛው የሚያየው ፍላት ስክሪን ነው። ጀርባው የወጣው ወፍራም ባለ ቱቦ (ሲአርቲ) ቴሌቪዥን ከጠረጴዛው ወርዷል፤ ጨዋታዎቹ ግን አብረውት አልወረዱም። የፕሌይስቴሽን 2 የኳስ ጨዋታዎች፣ ከእነሱም ቀድመው የገቡት ባለ ካሴት ጌሞች፣ የድሮውን ማሽን በሚያስመስል ኢሙሌተር ታግዘው በኮምፒውተርና በስልክ ዛሬም ይከፈታሉ። በአዲሱ ስክሪን ላይ ሲታዩ ግን የተጫዋቹ ትከሻ እንደ ደረጃ ይቆራረጣል፤ የሜዳው ሣር ወጥ አረንጓዴ ቀለም ይሆናል። ይህን ለማረም ሼደር የሚባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች ተሠርተዋል፤ ሬትሮአርክ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ውስጥ ብቻ እንኳ ሲአርቲ-ሮያል፣ ሲአርቲ-ጂኦም፣ ሲአርቲ-ሎትስ እየተባሉ ብዙዎቹ ተደርድረዋል። ከእነዚህ ውስጥ ጥሩውን ከመጥፎው እንዴት እንለያለን? ብዙ ሰው የሚለየው ጥቁር መስመር በመፈለግ ነው፤ መስመሩ ከታየ “ይኸው የድሮው ቲቪ” ይባላል። ይህ መለኪያ የተሳሳተ ነው። ጥሩ ሥራ የሚባለው የቱቦውን ምልክት የቀዳ ሳይሆን ምልክቱን የወለደውን የብርሃን ጠባይ የመሰለ ነው።

ጠባዩን ለማወቅ ቱቦው እንዴት ይሠራ እንደነበር ማየት ያስፈልጋል። ጀርመናዊው ፈርዲናንድ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1897 የሠራው ቱቦ መሠረት የሆነው ይህ ቴሌቪዥን፣ ምስሉን የሚስለው የኤሌክትሮን ጨረር ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር እያስኬደ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ቀለም የመጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ አገሪቱ የተከተለችው የፓል ሥርዓትም 625 መስመሮችን በሰከንድ 50 ጊዜ በሚያልፍ ጨረር፣ ግማሽ ግማሹን እያፈራረቀ ይስላል። የድሮ ጌሞች ግን ሁለቱን ግማሾች አያፈራርቁም። 240 ያህል መስመር ብቻ ያሏትን ምስል ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ይደግማሉ፤ በመካከል የሚቀረው ቦታ ጨረር ስለማያገኘው ጨለማ ይሆናል። ያ ታዋቂ ጥቁር መስመር እንግዲህ በምስሉ ላይ የተጋደመ ፍርግርግ ሳይሆን ብርሃን ያልደረሰበት ክፍተት ነው። ጨረሩ ሲበረታ ደግሞ ይሰፋል። ነጭ ፊደል ወይም ፍንዳታ በሚታይበት ስፍራ መስመሩ ያብጥና ክፍተቱን ይሸፍነዋል፤ ደብዛዛ ግድግዳ ባለበት ግን ይቀጥናል፤ ክፍተቱም ይጎላል። የመጀመሪያው ፈተና ከዚህ ይወጣል። በጨለማ ላይ የተጻፈ ነጭ ጽሑፍ ይከፈትና ቀርቦ ይታይ። ጥቁሩ መስመር በነጩም በግራጫውም ላይ እኩል ውፍረት ካለው ሠሪው ቱቦውን አላጠናም፤ ምስል ላይ ፍርግርግ ለጥፏል።

ይኸው ምክንያትን የመከተል መርህ ጌም ቤቶቻችንን በቀጥታ የሚነካ ሌላ ፍርድ ያስከትላል። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን አብዛኞቹን ጨዋታዎች በእነዚያ በማይፈራረቁ 240 መስመሮች ያሳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 ግን በአብዛኛው እንደ ቴሌቪዥን ሥርጭቱ አንዴ ጎዶሎዎቹን፣ ቀጥሎ ሙሉዎቹን መስመሮች እያፈራረቀ ይልካል። ክፍተቱ በየተራ ስለሚሞላ ዓይን የሚይዘው ቋሚ ጥቁር መስመር አይኖርም፤ የሚቀረው በግብ አግዳሚውና በቀጫጭን አግድም ጠርዞች ላይ የሚታይ መጠነኛ መንቀጥቀጥ ነው። ስለዚህ የፕሌይስቴሽን 2 ኳስ ጨዋታ ላይ ወፍራም ጥቁር መስመር የጫነ ሰው ጨዋታው በዘመኑ ያልነበረውን መልክ እያለበሰው ነው። ትዝታችን ግን ሁለቱን መሣሪያዎች ቀላቅሎ ስለያዘ ይህን ስህተት “የድሮ” ብሎ ያሳልፈዋል። ትዝታ ብቻውን ዳኛ የማይሆነውም ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ሒሳብ ነው። በገበያ በብዛት ከሚገኙት ርካሽ 32 ኢንች ስክሪኖች ብዙዎቹ ቁመታቸው 768 ነጥብ (ፒክስል) ነው። 768 ለ240 ሲካፈል 3.2 ይሆናል፤ አንዱ የጌም መስመር 3 የስክሪን ነጥብ፣ ሌላው 4 ያገኛል ማለት ነው። ካሜራው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሲንሸራተት መስመሮቹ በየቦታቸው ወፈር ቀጠን እያሉ እንደ ሞገድ ይርገበገባሉ። ዐዋቂ ሠሪ ምስሉን በትክክል 3 እጥፍ አድርጎ 720 ላይ ያቆመዋል፤ ከላይና ከታች 24 ነጥብ ጥቁር ጠርዝ ይተዋል። 1080 ነጥብ ባለው ስክሪን 4.5 ስለሚመጣ 4 እጥፍ ይመረጣል። ፎር ኬ በሚባለው 2160 ላይ ግን በትክክል 9 እጥፍ ይሆናል፤ በዚያ ላይ የመስመሩን ማበጥና መቅጠን ለማሳየት በቂ ቦታ አለ። ከቱቦው መስታወት በስተጀርባ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚበሩ ፎስፈሮችን የሚለየውን ቀዳዳማ ብረት፣ ማለትም የቀለም ወንፊቱን፣ የሚያስመስሉ ሼደሮችም በዚሁ ሒሳብ ይዳኛሉ። ለሦስቱ ቀለማት ቢያንስ ሦስት ነጥብ ያስፈልጋል፤ ወርዱ 960 በሆነ ምስል ላይ የሚገኘው ሦስትዮሽ 320 ብቻ ነው። ይህ ምስሉን ከማስጌጥ ይልቅ ስለሚያቆሽሸው በርካሹ ስክሪን ላይ መተዉ ብልህነት ነው። ወርዱን በተመለከተ ደግሞ ኳሷ ራሷ ዳኛ ናት። ለአራት በሦስት ስክሪን የተሠራ ጨዋታ ሰፊውን ስክሪን እንዲሞላ ሲለጠጥ ወርዱ በአንድ ሦስተኛ ይጨምርና ኳሷ እንቁላል ትሆናለች። ኳሷን እንቁላል ያደረገ ሰው ሌላው ዝግጅቱ ምንም ያህል ቢራቀቅ ወድቋል።

ከሒሳቡ በላይ የቆላውን ከተማ የሚመለከተው የብርሃን ጉዳይ ነው። በሩ ለፀሐይ ተከፍቶ በሚውል ቤት ውስጥ ምስሉ ብሩህ መሆን አለበት። ጥቁር መስመሩም ሆነ የቀለም ወንፊቱ ብርሃን ይበላሉ፤ ሁለቱ ተደርበው ምንም ካሳ ካልተደረገላቸው የቀን ግጥሚያ የማታ ይመስላል። ቱቦው ግን መስመር እያለውም ብሩህ ነበር፤ ጨረሩ የነካው ቦታ በኃይል ስለሚበራ በመካከል ያለውን ጨለማ ያካክሰዋል። የቦረና እናቶች የወተት ዕቃቸውን በጭስ ያጥናሉ፤ የሚፈለገው መዓዛው ነው እንጂ ጥላሸቱ አይደለም፤ ወተት ውስጥ ከሰል ፈጭቶ የጨመረ ሰው የታጠነ ወተት አላቀረበም። ስክሪኑን ያጨለመ ሼደርም ያደረገው ይህንኑ ነው። ፈተናው ቀላል ነው፤ ሼደሩን አጥፍቶ ማብራት፣ ከዚያ ተጫዋች ከሚቀመጥበት ርቀት ላይ ሆኖ ማየት። ከሩቅ መስመሮቹ ተዋሕደው ለምስሉ ሸካራነት ብቻ መስጠት፣ የሣሩም አረንጓዴ ከበፊቱ ብዙም አለመጨለም አለበት። ብርሃኑ መመለስ ካልቻለ የመስመሩን ጥቁረት መቀነስ ይሻላል።

ፎቶ ላይ የማይታየው፣ ስለዚህም ብዙ ጊዜ የሚረሳው የቱቦው ጠባይ ጊዜ ነው። ፎስፈሩ ጨረር ሲነካው ለጥቂት ቅጽበት በርቶ ይደበዝዛል፤ ፍላት ስክሪን ግን በሰከንድ 60 ምስል ሲያሳይ እያንዳንዱን ለ16.7 ሚሊ ሰከንድ ያህል ሳያጠፋ ይይዛል። ዓይን የሚሮጠውን ተጫዋች ሲከተል ምስሉ የሚጎተተው በዚህ የተነሳ ነው። የቱቦው ጊዜ ምን ያህል የተለየ እንደነበር የሚመሰክሩት ባለ ሽጉጥ ጌሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣው ዳክ ሃንት ላይ ሽጉጡ ዳክዬዋን የሚያገኘው የቱቦውን ብርሃን በትክክለኛው ቅጽበት በማየት ነው፤ ፍላት ስክሪን ምስሉን ዘግይቶ ስለሚያወጣ ያው ሽጉጥ ዒላማውን ይስታል። በሁለት ምስሎች መካከል ጥቁር ምስል ማስገባት መጎተቱን ይቀንሳል፤ ብርሃኑን ግን በግማሽ ያህል ስለሚወስድ ፀሐይ በሚገባበት ቤት አይመከርም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ማርክ ሬጆንና ቲሞቲ ሎትስ ያወጡት ሼደር የጨረሩን ከላይ ወደ ታች ጉዞ ራሱን ያስመስላል፤ የሚጠቅመው ግን በጣም ፈጣን ስክሪን ላለው ነው። ለሌላው ሰው ትልቁ ትርፍ ቴሌቪዥኑን መዘግየቱን በሚቀንሰው ጌም ሞድ ላይ ማድረግ ነው። አሮጌውን ማሽን ራሱን በርካሽ መቀየሪያ ከኤችዲኤምአይ የሚያገናኝም ይጠንቀቅ። ብዙዎቹ መቀየሪያዎች 240 መስመሩን እንደሚፈራረቅ ምስል ቆጥረው ሁለት ሁለቱን ያዋሕዱታል፤ ያኔ በፍጥነት ብልጭ ድርግም በማለት ከጀርባው ያለውን የሚያሳይ መስሎ እንዲታይ የተሠራው ጥላ ይጠፋል፣ ወይም ደርቆ ይቀራል። እንዲህ የተበላሸውን ምስል የትኛውም ሼደር መልሶ አያቃናውም።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል፦ ዋናው ሥራ ነጥቡ ራሱ ነው፤ ስለዚህ ጥርት ብሎ የሚታየው ፍላት ስክሪን ለእውነት የቀረበ ነው ይባላል። በማሽኑ ውስጥ የተቀመጠው ቁጥር ነጥብ መሆኑ እውነት ነው። ሠዓሊዎቹ ግን የሣሉት በቱቦ ላይ እንዲታይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የሴጋው ሶኒክ ፏፏቴዎቹን የሚስለው በቀጫጭን ቋሚ ሰንበሮች ነው፤ ብርሃንና ቀለም በአንድ ላይ በሚያልፉበት ቢጫ ገመድ ሲመጣ ሰንበሮቹ ተዋሕደው ውኃው በስተጀርባው ያለውን የሚያሳይ ይመስላል፤ ጥርት ባለ ስክሪን ላይ ግን የአጥር ርብራብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997ቱ ካስልቫኒያ የድራኩላ ፊት ላይ ያለ ቀይ ነጥብም በቱቦ ላይ የሚያበራ ዓይን ሆኖ ይታያል። ሁለተኛው ተቃውሞ ከሌላ ወገን ይመጣል፦ እንግዲያው ለስቱዲዮ የተሠራውን ጥርት ያለ የሶኒ ሞኒተር እንምሰል ይላል። ውብ ነው፤ ነገር ግን እዚያ ሞኒተር ላይ ፏፏቴው እንደ ገና ርብራብ ይሆናል፤ በየቤቱ የነበረውም እሱ አልነበረም። ይህ ሲባል ደግሞ የአንዱን ቴሌቪዥን ሕመም ሁሉ መቅዳት ማለት አይደለም። ኃይል ሲወርድ የሚጠበው ምስል፣ የአንቴና በረዶ፣ ከልክ በላይ የጎበጠ መስታወት የሥርዓቱ ጠባይ ሳይሆኑ የአንድ ዕቃ ጉድለት ናቸው። አሜሪካና ጃፓን በተጠቀሙበት ኤንቲኤስሲ የሚታየው የቀለም መዛባትም ፓል መስመር እያፈራረቀ የሚያርመው ስለሆነ ለእኛ ትዝታ ባዕድ ነው።

“ታዲያ ቱቦውን ራሱን ለምን አናስቀምጥም?” ለሚልም መልስ አለ። የሚሠራ ካለ ይቀመጥ፤ ለሥራው ከእሱ የተሻለ መለኪያ የለም። ሆኖም አዲስ የቴሌቪዥን ቱቦ በፋብሪካ መሠራት አቁሟል፤ ያለውም ከዕድሜ ጋር ይደበዝዛል፤ ውስጡ ሲከፈት ያለው ከፍተኛ ኤሌክትሪክም ላልተማረ እጅ አደገኛ ነው። ማስመሰሉ መቅረት ስለማይችል በደንብ መዳኘት አለበት፤ ፍርዱም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ኳሷ ክብ ትሁን፣ መቀየሪያውም ምስሉን አያበላሽ፤ ቀጥሎ ጨዋታው ለእጅ ፈጥኖ ይመልስ፤ ከዚያ ብርሃኑ ይጠበቅ፤ መስመሩ ስለሚያስፈልግና ስለማያስፈልግበት የሚታሰበው ከእነዚህ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የጠበቀ፣ ሼደሩን እስከ ማጥፋት ድረስ የቆጠበ ሰው፣ መስመር ደርድሮ ምስሉን ካጨለመው ይልቅ ለቱቦው ቀርቧል።