የቨርሞንት የከተማ ስብሰባ

በአሜሪካዋ የቨርሞንት ግዛት፣ ፈረንጆቹ ማርች በሚሉት ወር የመጀመሪያ ማክሰኞ፣ የብዙ ከተሞች ነዋሪ አዳራሽ ገብቶ ይመክራል። ጉዳዩ ቅርብ ነው፤ መንገዱ በስንት ይጠገን? የእሳት አደጋ መኪናው ዘንድሮ ይለወጥ ወይስ ይቆይ? የበጀቱ ሰነድ ቀደም ብሎ ስለሚደርሳቸው ገበሬውም አስተማሪዋም ቁጥሩን አይተው መምጣት ይችላሉ።

ከሁሉ የማደንቀው ሥርዓቱን ነው። ተናጋሪ ንግግሩን የሚያቀርበው ለተከራካሪው ሳይሆን ለሰብሳቢው ነው፤ ክርክሩ ሰውየውን ትቶ ጉዳዩን የሚይዘው በዚህች ትንሽ ደንብ ይመስለኛል። ድምፅ በአፍ ይሰጣል፤ ካጠራጠረ ይቆጠራል፤ 7 መራጮች ከጠየቁ ደግሞ በወረቀት፣ በምሥጢር ይሆናል። ጎረቤቱን ማስቀየም የሚፈራ ሰው እዚያ መጠለያ ያገኛል።

ጉዳዩ ግን ሁልጊዜ ቅርብ ብቻ አይደለም፤ በ1982 እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ከ150 የሚበልጡ የግዛቲቱ ከተሞች የኑክሌር መሣሪያ እሽቅድምድም እንዲገታ የጠየቁት በዚሁ መድረክ ነው።

ዛሬ ብዙ ከተሞች ስብሰባውን ትተው በምርጫ ወረቀት ብቻ ወደ መወሰን እየዞሩ ነው። ለሠራተኛ እንደሚቀል አልክድም። ነገር ግን ወረቀት ላይ በጀቱን ለማሻሻል ሐሳብ ማቅረብ አይቻልም፤ ድልድዩን በየቀኑ የሚሻገር ሰው ተነሥቶ ሲናገር ሰምቶ ሐሳብን መለወጥም አይቻልም።