ዓሣ አጥማጅ የሌለበት ባሕር

ሽቶ ከኪነ ጥበብ ሥራዎች ተራ ይቆጠራልን? የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ በፈገግታ የሚታለፍ ነው። ሥዕል በግድግዳ ላይ ይኖራል፤ ዜማ በጆሮ ይቀራል፤ ሽቶ ግን ከተቀባው ሰው ገላ ላይ ተንኖ ያልቃል። ይሁን እንጂ ቀማሚው አንዱን መዓዛ መርጦ ሌላውን ትቶ አንድን ሥፍራ በአፍንጫ ለማሳየት እስከተነሣ ድረስ፣ እንደ ሠዓሊው ሁሉ ምን አሳየ፣ ምንስ ደበቀ ተብሎ ሊጠየቅ ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. በ1996 በጆርጂዮ አርማኒ ስም ለወንዶች የቀረበው «አኳ ዲ ጂዮ» ለዚህ ጥያቄ የተመቸ ሥራ ነው። ቀማሚው የሴቪል ተወላጅ አልቤርቶ ሞሪያስ ሲሆን፣ መነሻ የሆነችውም አርማኒ የዕረፍት ቤት የነበረባት፣ በሲሲሊና በቱኒዝያ መካከል የምትገኘው ፓንቴሌሪያ የተባለች የኢጣልያ ደሴት ናት።

ብልቃጡ እንደተከፈተ የቤርጋሞትና የመንደሪን ልጣጭ ይቀድማል። ወዲያውም ውሃው ይመጣል። ይህ ውሃ ግን ከባሕር የተቀዳ አይደለም፤ ካሎን የተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የፋይዘር ኩባንያ ኬሚስቶች ያገኙት ሰው ሠራሽ ቅመም ነው። በአንድ ወገን የባሕር ነፋስን፣ በሌላ ወገን የተቆረጠ ሐብሐብን ያስታውሳል። ለብዙ ዓመታት በጥቂቱ ሲሠራበት ቆይቶ በ1990ዎቹ የሽቶ ገበያውን አጥለቀለቀው። ብዙዎቹ ቀማሚዎች እንደ ቀለም ደፍተውታል፤ ሞሪያስ ግን ከጃስሚን ጋር አዋሕዶ ውሃው ላይ ብርሃን አሳርፎበታል። የሥራው ትልቁ ብልኀት ይህ ነው፤ ሊነፈገውም አይገባም።

ሆኖም ጨው ራሱ ሽታ የለውም። ሰው በባሕር ዳር ቆሞ «የጨው ሽታ» የሚለው በአብዛኛው ዳይሜታይል ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ ነው፤ ይኸውም ጥቃቅን የባሕር ዕፅዋት ሲሞቱና ሲበሉ ባክቴሪያዎች ከቅሪታቸው የሚያወጡት ነው። አንዳንድ የባሕር ወፎችም ይህንኑ ተከትለው ምግባቸውን ያገኛሉ። እንግዲህ እውነተኛው የባሕር ሽታ የሞትና የእንጀራ ሽታ ነው። በ«አኳ ዲ ጂዮ» ውስጥ ግን የበሰበሰ አረም፣ የረጠበ መረብ፣ የዓሣ ቅርፊት ፈጽሞ አይሸትም። የቀድሞዎቹ ቀማሚዎች ይህን ያህል ንጽሕና አይወዱም ነበር። ከዓሣ ነባሪ ሆድ የሚወጣውን ዓምበር፣ ከኢትዮጵያም በበሬ ቀንድ ታሽጎ ይሄድላቸው የነበረውን የጥርኝ ዝባድ የሽቷቸው መሠረት ያደርጉ ነበር፤ ክርፋት ሲቀጥን መዓዛ እንደሚሆን ያውቃሉና።

ከሁሉም በላይ የሚያነጋግረው ግን ደሴቲቱ ራሷ ናት። የፓንቴሌሪያ ሰው በባሕር ተከቦ ሳለ ከዓሣ አጥማጅነት ይልቅ ገበሬነቱ ያመዝናል። ከእሳተ ገሞራ በቀረው ጥቁር ድንጋይ እርከን ሠርቶ፣ ነፋስ እንዳይቆርጠው ወይኑን በጉድጓድ ውስጥ ይተክላል፤ ኬፐር የተባለውን የቁጥቋጦ እምቡጥ ለቅሞ በጨው ያሽጋል። የወይን አተካከሉ እ.ኤ.አ. በ2014 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። ሽቶው ይህን ሁሉ አልፎ የሚያየው ከሰገነት ላይ የሚታየውን ሰማያዊ ብቻ ነው፤ የእንግዳው ባሕር እንጂ የነዋሪው አይደለም። ከምድሪቱ የተወሰደው ሮዝመሪም ቢሆን ቶሎ ይሸሻል። በመጨረሻ ገላ ላይ የሚቀሩት ዝግባና ፓቹሊም የየትኛውም አገር ሊሆኑ ይችላሉ።

ሞሪያስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2015 «ፕሮፉሞ» በተባለው ተከታይ ሥራ ወደዚያው ባሕር ተመልሶ ዕጣን ጨምሮበታል። ጭሱ ውሃውን አደፍርሶታል፤ በመጀመሪያው ሥራ ያልነበረው ጥቁር ድንጋይም በዚህኛው ብቅ ብሏል።