ስባሪውን የለቀመው ልጅ

ኤስ. ኢ. ሂንተን «ዚ አውትሳይደርስ» የተሰኘውን ልብ ወለዷን እ.ኤ.አ. በ1967 ስታሳትም ገና የ18 ዓመት ወጣት ነበረች። ተራኪው ፖኒቦይ ደግሞ 14 ዓመቱ ነው፤ የድሃ ሰፈር ልጅ፣ ወላጆቹን በመኪና አደጋ ያጣ፣ በሁለት ታላላቅ ወንድሞቹ እጅ የሚያድግ።

መጽሐፉን ተቀባብለን ካነበብን በኋላ ክርክር ተነሣ። አንዳንድ ጓደኞቻችን «ልጁ የበሰለው ሟቹ ጓደኛው ጆኒ የተወለትን ደብዳቤ ሲያነብ ነው» አሉ። እኛ ግን አልተዋጠልንም። ደብዳቤው ልጁን ብዕር አስጨብጦታል፤ ይህን አንክድም። ሆኖም ቁም ነገሩን አፍ አውጥቶ ይናገራል፤ የተነገረ ምክር ደግሞ ገና ዕድገት አይደለም።

ለኛ ዕድገቱ የታየው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ጆኒና ዳላስ በአንድ ሌሊት ከሞቱ ወዲህ ፖኒቦይ ልቡ ደንድኗል። የሀብታም ልጆች ሲመጡበት ጠርሙስ ሰብሮ ይጋፈጣቸዋል፤ ፍርሃት የሚባል ነገር የለም። ጓደኛው ቱ-ቢት እንኳ ይህን አይቶ ይደነግጣል። ታዲያ ልጆቹ ሲሄዱ ፖኒቦይ ምን ያደርጋል? ጎንበስ ብሎ ስባሪውን ይለቅማል፤ የሰው ጎማ እንዳይተነፍስ!

ደራሲዋ እዚህ ላይ አልሰበከችም፤ አሳየች እንጂ። ልጁ ራሱም ማደጉን አላወቀም። ግቢ ስንገባ ብስለት ማለት መደንደን ለመሰለን ለኛ፣ ያቺ ጎንበስ ማለት ከደብዳቤው ይልቅ ልባችን ውስጥ ቀርታለች። እስቲ እናንተም አንብባችሁ ተከራከሩን።