የጫማ ካርቶኑ ሰንሱል

ቡሹሎ እህቴ ቤት ሄጄ የልጇን «ፕሮጀክት» እንድገመግም ታዘዝኩ። ሐያሲ ዕረፍት የለውማ!

ስለ ሐዋሳ ሐይቅ የሚተርክ፣ ሲገለጥ ሥዕል የሚያወጣ ካርቶን ነው። እህቴ አብረቅራቂ ወረቀት፣ ማስቲሽና ተለጣፊ ሥዕሎች ገዝታ ራሷ ሠርታዋለች። ያምራል። ችግሩ አባ ኮዳ የተባለው ወፍ ፍላሚንጎ ነው፤ የአብያታው እንግዳ! ሱቁ ያለው እሱን ብቻ ነዋ።

ልጅቷ ከአልጋ ሥር ሌላ አወጣች። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ቤት የሠራችው ነው፤ የጫማ ካርቶን፣ የአሮጌ ካላንደር ጀርባ፣ የዱቄት ሙጫ። ቆሮሶው፣ አምባዛው፣ ጉማሬው በእጇ ተስሏል። አስተጣጠፉ የጥንቱን የብራና ሰንሱል ይመስላል። ያኔ ለመጽሐፍ የቆዳ ማኅደር ይሰፋለት፣ ግድግዳ ላይም ይሰቀል ነበር። የዚች ልጅ ሥራ ግን ጠርዙን አይጥ በልቶታል፤ አዲሱም ማርክ ከተሰጠው በኋላ የት እንደሚጣል እናውቃለን። እህቴን ከማዳበሪያ ከረጢት ማኅደር እንድትሰፋ ለመንኳት። ስቃብኝ ሰፋች።

«ጋሼ፣ ከስንት ስንት ሰጠኸኝ?»

«መጀመሪያ ንገሪኝ፤ አባ ኮዳሽ ለምን መላጣ ሆነ?»

«የዓሣ ሆድ ዕቃና ጥምብ ውስጥ ጭንቅላቱን ይከታላ! ላባ ቢኖረው ይጨማለቅ ነበር።»

ፍላሚንጎውን ማንም አልጠየቃትም።