የኳሷ ስፌት

ወላይታ ውስጥ፣ ቢጠና በተደረገ የሰፈር እግር ኳስ ጨዋታ ላይ የተነሳ አንድ ፎቶ ደጋግሜ አያለሁ። ሁለት ልጆች ለቴስታ ዘለዋል። ኳሷ የአንደኛው ግንባር ላይ አርፋ ጠፍጠፍ ብላለች፤ ስፌቷ ይቆጠራል። ቅንድቡ ላይ ያለው ላብ ሳይቀር ይለያል። እግሮቹ ግን ደብዘዝ ብለዋል።

በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የምትበር ኳስ በአንድ ሺኛ ሰከንድ 2 ሴንቲ ሜትር ትጓዛለች፤ ስፌቷን ለማደብዘዝ ይህ ይበቃል። ግንባር ስትነካ ግን ወደ መጣችበት ለመመለስ ለቅጽበት መቆም አለባት። ልጁም የዝላዩ ጫፍ ላይ ነው፤ መውጣቱ አብቅቷል፣ መውረዱ አልጀመረም። ሁለቱ የሚገጣጠሙበት ቅጽበት ዓይን አይቶ ጣት እስኪታዘዝ አይጠብቅም። አንሺው የማዕዘን ምቱ ሲነሳ ማን እንደሚዘል ገምቶ፣ ሌንሱን ኳሷን ትቶ የልጁ ፊት ላይ አነጣጥሮ፣ ኳሷ ሳትደርስ ተጭኗል። ይህ ኳስ የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው። የእግሮቹን መደብዘዝም እወድለታለሁ። ሁሉም ነገር ደርቆ ቢቀር ልጆቹ በገመድ የተሰቀሉ ይመስሉ ነበር።

ብርሃኑም ተመርጧል። ወላይታ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች፤ ዓይን በቅንድብ ጥላ ይዋጣል። እዚህ ግን ፀሐይዋ ከጎን ናት፣ ከ10 ሰዓት በኋላ መሆኑ ያስታውቃል። ደረቁ ቀይ አፈር ብርሃኑን ከታች ወደ ፊታቸው ይመልሳል፤ አገጫቸው ሥር ያለው ሞቅ ያለ ቀለም ከዚያ የመጣ ነው። አንሺው ተንበርክኮ ስላነሳም ከኋላቸው የተመልካች ግርግር የለም፤ ሰማይ ብቻ ነው።

ማታ፣ በፓውዛ ሥር፣ ሥራው ይከብዳል። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ብዙዎቹ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይፈዝዛሉ። ዓይን አያስተውለውም። በአንድ ሺኛ ሰከንድ የሚያነሳ ካሜራ ግን ከተከታታይ ፎቶዎች አንዱን ደማቅ፣ ቀጣዩን ጨለማ አድርጎ ያወጣል። ወደ አንድ መቶኛ ሰከንድ ሲወርድ ብርሃኑ እኩል ይሆናል፤ ሯጩ ግን ይደበዝዛል። አንዳንድ አዳዲስ ካሜራዎች የመብራቱን ምት ጠብቀው ያነሳሉ። ያ የሌለው አንሺ ጨዋታው ራሱ የሚቆምበትን ጊዜ ይፈልጋል።

የቢጠናው አንሺ የማታ ፎቶ እንዲህ ያለ ነው። በረኛው ፍጹም ቅጣት ምት ይጠብቃል፣ እጆቹ ተዘርግተዋል፣ ዓይኑ የመቺው እግር ላይ ተተክሏል። የካሜራው አይኤስኦ፣ ማለትም የብርሃን ትብነቱ፣ በጣም ከፍ ስላለ ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ያህል ሻክሯል። በኮምፒውተር ሊያለሰልሰው ይችል ነበር፤ አላደረገም። ቢያደርገው የጓንቱ ክርና የበረኛው ሽፋሽፍት አብረው ይጠፉ ነበር።