ጅራፉ ከመጮኹ በፊት፦ ቡሄ በደብረ ብርሃንና በአንኮበር

ስለ ባሕላዊ በዓላት በሚቀርቡ ሂሳዊ ጽሑፎች ዘንድ የተለመደ አንድ አካሄድ አለ። ጸሐፊው ከዘፈኑ ይነሣል፤ ግጥሙን ይመዘግባል፤ ዜማውን በየቅኝቱ ይመድባል፤ በመጨረሻም ትውፊታችን እንዳይጠፋ አደራ ብሎ ይሰናበታል። ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው የቡሄ በዓልም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። ስለ ሆያ ሆዬ ብዙ ተጽፏል፤ ጅራፉ ግን እንደ ማጀቢያ ድምፅ ተቆጥሮ ይታለፋል፤ ችቦው እንደ መብራት፣ ሙልሙሉም እንደ ምግብ ብቻ ይታያል። እኛ ነገሩን ከሌላው ጫፍ መያዝ እንወዳለን። ቡሄ ከመዘፈኑ በፊት ይሠራል፤ ይገመዳል፣ ይታሰራል፣ ይቦካል። ከሠሪዎቹም አብዛኞቹ ገና ያልጎረመሱ የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው።

ኪነ ጥበብንና ሳይንስን በአንድ አደባባይ አገናኝቶ ልጆች በእጃቸው እየሠሩ እንዲማሩ ማድረግ በውጭው ዓለም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው እንቅስቃሴ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ፍራንክ ኦፐንሃይመር እ.ኤ.አ. በ1969 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ኤክስፕሎራቶሪየም የተባለውን ቤተ መዘክር ሲመሠርት፣ «አትንኩ» የሚለውን የቤተ መዘክር ደንብ ገልብጦ ጎብኚው ዕቃውን እንዲጨብጥ፣ እንዲያዞር፣ እንዲያጮኽ ፈቀደ፤ የኪነ ጥበብ ሰዎችንም ከሳይንስ ሰዎች ጎን ለጎን አሠራ። ሐሳቡ ከዚያ ወዲህ ከአዳራሽ ወጥቶ ወደየሰፈሩ ወርዷል፤ በየአገሩም የብዙ በዓላት መሠረት ሆኗል። በእኛም አገር በመስከረም 2015 ዓ.ም. የሳይንስ ሙዚየም በአዲስ አበባ ተከፍቷል። ይህን የሚነቅፍ የለም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሚከራከረው፣ በእጅ የመማር በዓል ለእኛ ሰፈር እንግዳ ነገር ነው ከሚለው ግምት ጋር ነው።

እንግዲህ ጅራፉን እንመልከት። በዓሉ ከመድረሱ ሳምንታት አስቀድሞ ልጆች ቃጫ ወይም ልጥ መፈለግ ይጀምራሉ፤ ጠፍር ያገኘም ይጨምርበታል። አንዱ ጫፉን ይዞ ሌላው እያጠበቀ ይጎነጉኑታል። ጅራፉ በእጀታው በኩል ወፍራም፣ ወደ ታች እየቀጠነ የሚሄድ፣ መጨረሻውም ላይ እንደ ጭራ የሳሳ ክር የሚንጠለጠልበት መሆን ይኖርበታል። ከላይ እስከ ታች ውፍረቱ እኩል ከሆነ ጅራፍ መሆኑ ቀርቶ ገመድ ነው፤ በሬ ያስሩበት እንደሆነ እንጂ አይጮኽም። ይህን ሕግ ለልጁ በጥቁር ሰሌዳ የጻፈለት የለም። ታላቁ «አጥብቀው፤ አሁንም አቅጥነው» አለው። አልሰማ ብሎ ያልቀጠነውን ይዞ ሲወጣ ደግሞ ጅራፉ እፍ ብሎ ብቻ ቀረ፤ ሰፈሩም ሳቀበት። ከዚህ የበለጠ ፈጣን ፈተናና ፈጣን እርማት በየትኛው ትምህርት ቤት ይገኝ ይሆን?

ሊቃውንቱ ለዚህ ነገር ተገቢውን ማብራሪያ ለማግኘት ጊዜ ወስዶባቸዋል። ጩኸቱ ጅራፉ ከመሬት ወይም ከራሱ ጋር ሲጋጭ የሚወጣ ሊመስል ይችላል። ነገሩ ሌላ ነው። ከክንድ የተነሣው ጉልበት እጥፋት ሠርቶ በጅራፉ ርዝመት ላይ ይጓዛል፤ ገመዱ እየቀጠነ ክብደቱም እየቀነሰ በሄደ መጠን ያው ጉልበት በጥቂት ክብደት ላይ ስለሚያርፍ ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ከድምፅ ፍጥነት ያልፋል። የምንሰማው ጩኸት አየሩ በዚያች ቅጽበት ሲመታ የሚፈጠር ነው፤ ከድምፅ የሚፈጥን አውሮፕላን ሲያልፍ ከሚሰማው ፍንዳታ ጋር በባሕርዩ አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ጎሪየሊና ማክሚለን የተባሉ ሁለት የሒሳብ ተመራማሪዎች የጩኸቱ ምንጭ ራሱ ተጓዡ እጥፋት መሆኑን በስሌት አሳይተዋል። «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» የሚለውን አነጋገር ሁላችንም በዳይ ሆኖ ስለሚያለቅስ ሰው እንጠቀምበታለን። ከምሳሌነቱ በፊት ግን በዐይንና በጆሮ የተረጋገጠ ትዝብት ነው፤ የቡሄ ጅራፍ ከአየር በቀር የሚገርፈው ነገር የለውምና። እርግጥ ነው፣ በአንዳንድ ቦታ ጎረምሶች ጥንድ ጥንድ ሆነው እርስ በርስ ይገራረፋሉ። እሱ የትዕግሥት ፈተና ስለሆነ ለሌላ ሂስ እንተወው።

ጅራፉ የሙዚቃ መሣሪያ ስለመሆኑም የተነገረው ጥቂት ነው። የአንዱ ጅራፍ ድምፅ እንደ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ይሰማል፤ የሌላው ወፍራምና የታፈነ ነው። ጥሩ አጩዋሂ ክንዱን አዙሮ የሚመልስበትን ቅጽበት ያውቃል፤ በሁለት ጩኸቶች መካከል የሚተወውን ዝምታም እንዲሁ። ከማዶ ሆኖ የሚመልስለት ካለ ነገሩ ጥያቄና መልስ ይሆናል። ሰፈር ከሰፈር በዚህ መንገድ ሲነጋገር ያመሻል።

ቦታም የራሱ ድርሻ አለው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሜዳማ ደጋ ላይ የተቀመጠች ናት። እዚያ የሚጮኽ ጅራፍ ድምፁን ሜዳው ይወስድበታል፤ ሄዶ አይመለስም። ከዚያ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ግን ደጋው በድንገት ይቆረጣል፤ አንኮበርም በዚያ ቁልቁለት አናት ላይ ሆና ቆላውን ትመለከታለች። የነሐሴ ጉም ገደሉን ሲሞላው ማዶው አይታይም፤ ጅራፉ ሲጮኽ ግን ማዶው ይመልሳል። ዐይን የተነፈገውን ጆሮ ያገኘዋል ማለት ነው። አየሩ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል በሚሆንበት ጊዜ ድምፅ በሰከንድ 338 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ይህን የሚወስነው የአየሩ ሙቀት እንጂ የቦታው ከፍታ አይደለም። በመሆኑም በጩኸቱና በገደል ማሚቶው መካከል አንድ ሰከንድ የቆጠረ ልጅ፣ የመለሰለት ገደል 170 ሜትር ያህል ርቀት ላይ መቆሙን ማወቅ ይችላል። ሁለት ሰከንድ ከቆጠረ እጥፉን። ለዚህ ሙከራ የሚያስፈልገው ቃጫና አንድ የሰዓት ቆጣሪ ነው። የአንኮበር ልጅ መሣሪያውን በእጁ ጎንጉኖታል፤ ገደሉንም ተፈጥሮ ሰጥታዋለች፤ የጎደለው «ስንት ቆጠርህ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ብቻ ነው።

ስለ ችቦውና ስለ ሙልሙሉ በአጭሩ እንበል። ክረምቱ ገና ሳይወጣ የሚነድ ደረቅ ጭራሮ ማግኘት ራሱ የቀደመ ዝግጅት ይጠይቃል። አጥብቆ የታሰረ ችቦ አየር አጥቶ ይጨሳል፤ ላልቶ የታሰረ ደግሞ ደጃፍ ሳይደርስ ያልቃል። የሙልሙሉ ሊጥ በደብረ ብርሃን ብርድ ቶሎ አይነሣም፤ ስለዚህ እናቶች ወደ ምድጃው ያስጠጉታል፤ እርሾ ሙቀት የሚወድ ሕያው ነገር መሆኑን ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። በዓሉ የደብረ ታቦር መታሰቢያ እንደ መሆኑ ጅራፉ ከሰማይ ለተሰማው ድምፅ፣ ችቦውም በተራራው ላይ ለታየው ብርሃን ምሳሌ ናቸው ተብሎ ይተረጎማል። ደብረ ብርሃንም ስሟን ያገኘችው በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በሰማይ ከታየ ብርሃን እንደሆነ ይነገራል፤ ይህንኑ ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 ከታየው የሀሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር የሚያያይዙ ጸሐፊዎች አሉ። ግምቱ አከራካሪ ነው። ቢሆንም ስሟን ከሰማይ ትዝብት የወሰደች ከተማ የብርሃንን በዓል ስታከብር ልጆቿን አንድ ምሽት ወደ ላይ አንጋጠው እንዲመለከቱ ብታደርግ የሚያንሳት ነገር አይኖርም።

ሆያ ሆዬው በዚህ ሁሉ ላይ ይመጣል። አውራጁ ስንኙን ይጥላል፤ ተቀባዮቹ ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ ያነሡታል። ጭቃ ላይ ያረፈ ዱላ የታፈነ ድምፅ ይሰጣል፤ የደጃፍ ድንጋይ ላይ ያረፈው ግን ይጠራል። ልጆቹም ይህን ስለሚያውቁ ወደ ድንጋዩ ይጠጋሉ። አውራጁ የቤቱን ጌታ አይቶ፣ ግቢውን አይቶ፣ ከብቱን ቆጥሮ ግጥሙን እዚያው ያበጃል። ከቅርፅ አንጻር ይህ ከባድ ሥራ ነው፤ ምቱ ሳይቆም ቤት መምታት አለበት። ይዘቱ ግን ዘወትር ሙገሳ ሆኖ ሲቀር ይታያል። ሽሙጡና ወቀሳው እየተዉ መሄዳቸው ለአውራጁ ጥበብ ጉዳት ነው ብለን እናምናለን። ንፉጉን ባለጸጋ በዘዴ መንካት የዚህ ዘፈን ቅመም ነበርና።

አሁን ወደ ነቀፌታችን እንለፍ። በከተሞች ቡሄ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ሲወጣ እናያለን። ዘፈኑ ወደ መድረክ ይወጣል፤ አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ ወጣቶች በድምፅ ማጉያ ሆያ ሆዬ ይላሉ፤ ዱላቸው ምንጣፍ ላይ ስለሚያርፍ አይሰማም፤ የሰፈሩ ልጅም ተመልካች ሆኖ ወንበር ላይ ይቀመጣል። የጩኸቱን ቦታ ርችት ይወስደዋል። ርችት ለመጮህ ከገዢው የሚፈልገው ክብሪት ብቻ ነው፤ የማጥበቅም የማቅጠንም ዕውቀት አይጠይቅም። በሌላ በኩል የሳይንስ ትርኢት ሲዘጋጅ ልጁ በአዳራሽ ውስጥ ከውጭ የመጣ ዕቃ ፊት ይቆማል፤ ስለ ድምፅ ሞገድ የተጻፈ ሠንጠረዥም ያነባል። ከጠረጴዛው በዚያ ወገን የቆመው አስረጂ፣ ይህ ልጅ ባለፈው ነሐሴ ከድምፅ የሚፈጥን ነገር በገዛ እጁ እንደ ሠራ አልጠየቀውም። መድረኩ ዘፈኑን ወሰደ፤ አዳራሹ ጥያቄውን ወሰደ፤ ጉንጉኑ ግን ባለቤት አጣ።

ቡሄ ራሱም ያለ ነቀፌታ አይታለፍም። ጅራፉና ዱላው የወንዶች ናቸው። ሴት ልጆች ተራቸውን ለእንቁጣጣሽ ይጠብቃሉ፤ በዚያም አበባየሆሽ ይላሉ። ወንዶቹ ለዘመን መለወጫ ሥዕል ሥለው በየቤቱ ማደል ሲፈቀድላቸው፣ ልጃገረዷ ግን ጅራፍ ብታጮኽ የሚከለክላት ምክንያት ምንድን ነው? ጩኸቱ የክንድ ብርታት ሳይሆን የቅጽበትና የአቀጣጠን ጉዳይ መሆኑን ከላይ አይተናል። ጎንጉና የምታውቅ እጅ ለዚህ ከማንም አታንስም።

ከዚህ ሁሉ በታች ግን የቆየ ነገር አለ። ለልጅ በበዓል ቀን የምናደንቀውን የእጅ ብልሃት ልጁ አድጎ መተዳደሪያው ሲያደርገው ስንንቅ ኖረናል። ሰሜን ሸዋ የሸማኔ፣ የአንጥረኛና የሸክላ ሠሪ አገር ነው፤ የመንዝ ሴቶች የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፤ ባናውን የሚሠራው ሸማኔ ነው። ይሁንና ባለ እጅ የሚለው ቃል ራሱ ለብዙ ዘመን እንደ ስድብ ሲወረወር ቆይቷል፤ ከስድቡም አልፎ ቡዳ እየተባለ ሰው እንዲሸሸው ተደርጓል። በአንኮበር እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 በነገሠው በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንድ የውጭ አገር ባለሙያ የውሃ ወፍጮ ሠርቶ ነበር። በጊዜው የነበሩ ተጓዦች እንደ ጻፉት፣ ወፍጮው ያለ ሰው ጉልበት ሲዞር በመታየቱ የአጋንንት ሥራ ተብሎ እንዲቆም ተደርጓል። ከዚያው ምድር፣ ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው በአንጎለላ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ማለትም በቡሄ ዋዜማ የተወለዱት ዐፄ ምኒልክ፣ በ1900 ዓ.ም. አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ዐዋጅ አስነገሩ። ዐዋጁ መነገሩ ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር ይመሰክራል። ዛሬም ቢሆን «ልጄ መሐንዲስ ይሆናል» የሚል አባት፣ ያው ልጅ ከአንጥረኛ ደጅ ቆሞ ወናፍ ሲያይ ቢያገኘው ደስ አይለው ይሆናል።

ስለዚህ የሰፈር በዓልን ከሳይንስ ጋር እናዋሕድ የሚል ሐሳብ ሲነሣ ጥያቄው የሚያርፈው ባለ እጁ በዚያ በዓል ላይ ምን ቦታ ይኖረዋል በሚለው ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካዋም ስም ያለው ነው፤ በየሰፈሩ ቃጫ የሚገምዱ ሽማግሌዎች አሉ። ሦስቱ በነሐሴ መጀመሪያ ሳምንት ከልጆች ጋር በአንድ ሜዳ ቢገናኙ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። ሽማግሌው አገማመዱን ያሳያል፤ የፋብሪካው ሠራተኛ ክር በመጠምዘዝ ለምን እንደሚጠነክር ይነግራቸዋል፤ የፊዚክስ መምህሩ እጥፋቱን በዝግታ በሚያሳይ ፊልም ቀርፆ ለልጁ የገዛ ጅራፉን ያሳየዋል። መድረክ አያስፈልግም፤ ድምፅ ማጉያም እንዲሁ። አንድ ደንብ ብቻ ይበቃል፦ ጅራፉን ያልጎነጎነ አያጮኽ፤ የጎነጎነች ግን ታጩኽ።