«አንድም» የጎደለው የመምህር መጽሐፍ

ከለዛቫንሼ ትራም ተሳፍሬ ወደ ጄኔቭ መሀል ስወርድ ባስትዮን መናፈሻ ሳልቆም አላልፍም። በአንድ ወገን ካልቪንና ባልንጀሮቹ ግዙፍ ሐውልት ሆነው ቆመዋል፤ ፊት ለፊታቸው ዩኒቨርሲቲው አለ። የሐውልቱ ግንብ የመሠረት ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ1909 ሲጣል፣ ፈርዲናንድ ደ ሶሲር እዚሁ ለጥቂት ተማሪዎች ስለ ቋንቋ ምንነት ያስተምር ነበር። እሱን እስከ ዛሬ ያቆየው ተማሪዎቹ የያዙት ደብተር ነው።

«የአጠቃላይ ሥነ ልሳን ትምህርት» በ1916 ሲታተም፣ በሽፋኑ ላይ ደራሲ ተብሎ ስሙ የሰፈረው ሰው ካረፈ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር። ሶሲር በየካቲት 1913፣ በ55 ዓመቱ ሞተ። ከ1907 እስከ 1911 በሦስት ዙር ያስተማረውን ትምህርት መጽሐፍ አላደረገውም። ባልደረቦቹ ሻርል ባሊና አልበር ሴሼኤ የተወውን ወረቀት ሲፈትሹ ያሰቡትን አጡ፤ መምህሩ ለክፍል የሚያዘጋጀውን ረቂቅ በየጊዜው ያጠፋው ነበር። ሁለቱም እነዚያን ትምህርቶች ተቀምጠው አልሰሙም። ስለዚህ የሰሙትን ተማሪዎች ደብተር ለመኑ፤ ካበደሯቸው መካከል የሴሼኤ ባለቤት ትገኛለች።

በእኔ ግምት የመጽሐፉ ታላቅነት ቃል ዋጋውን ከጎረቤቶቹ እንደሚያገኝ ማሳየቱ ነው። አማርኛ ለሚናገር ሰው ይህ ሩቅ ፍልስፍና አይደለም። «አንተ» ማለት መቀራረብንም ድፍረትንም የሚሸከመው «እርስዎ» ከጎኑ ስላለ ነው። «እርስዎ»ን ከቋንቋው ብናወጣ፣ «አንተ» ፊደሉ ሳይለወጥ ትርጉሙ ይለወጣል። ይህን ሐሳብ ለዓለም ያዳረሱት ባሊና ሴሼኤ ናቸው፤ እነሱ ባይደክሙ ኖሮ ትምህርቱ በየተማሪው መሳቢያ በቀረ ነበር። በመቅድማቸውም ጥፋት ከተገኘ በእኛ ይሁን ብለው ኃላፊነቱን ወስደዋል። ይህን አከብራለሁ።

ቅሬታዬ ግን ከዚያው ድካማቸው የመጣ ነው። ሦስቱን ዙር አንድ ድምፅ አደረጓቸው። ሶሲር በመጨረሻው ዙር የጀመረው ከዓለም ልዩ ልዩ ቋንቋዎች ነበር፤ እነሱ ያንን ወደ መጽሐፉ መጨረሻ አካባቢ ገፉት። እጅግ የሚጠቀሰው የመዝጊያ ዓረፍተ ነገር በየትኛውም ተማሪ ደብተር አልተገኘም። በ1894 ለቀድሞ ተማሪው ለአንቷን ሜዬ በጻፈው ደብዳቤ ስለ ቋንቋ አሥር መስመር መጻፍ እንኳ እንዳስመረረው የነገረው ያ ተጠራጣሪ ሰው፣ በመጽሐፉ ውስጥ ምንም የማያመነታ ሆኖ ቀረበ። በ1996 ከቤተሰቡ ቤት የወጡት የእጅ ጽሑፎች በ2002 ሲታተሙ ማመንታቱ በገዛ እጁ ታየ።

የእኛ የመጻሕፍት ጉባኤ ለዚህ መፍትሔ ነበረው። የአንድምታ መምህር ከመምህሩ የተቀበለውን ሲያቀብል «አንድም» ብሎ አንዱን ያኖራል፣ «አንድም» ብሎ ሌላውን ያስከትላል፤ ተማሪውም ሁሉንም ይዞ ያድጋል። ሩዶልፍ ኤንግለር ከ1967 ጀምሮ የታተመውን መጽሐፍና የየተማሪውን ደብተር ጎን ለጎን በዓምድ ሲያሰልፍ የሠራው ከዚህ አይርቅም። ለማንበብ አድካሚ ነው፤ መምህሩ ግን እዚያ ይተነፍሳል።

መምህርን ከሞት በኋላ የማስቀጠል ሥራ ለእኛ አዲስ አይደለም። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ተማሪያቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜ ልካቸውን ሠሩት፤ እሳቸውም ኅትመቱን ሳያዩ አረፉ፤ የእሳቸው ተማሪ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ሦስት ሰው፣ አንድ መጽሐፍ። የሶሲርም ሐረግ ወደ ደጃችን ይደርሳል፦ ሜዬ ማርሴል ኮኸንን አስተማረ፤ አማርኛን ያጠናው ኮኸን ዎልፍ ሌስላውን አስተማረ፤ የሌስላው የአማርኛ መዝገበ ቃላት ዛሬም በውጭ አገር ተማሪዎች እጅ አለ።

የሶሲርን መጽሐፍ ለሁለተኛ ጊዜ ያነበብኩት የአማርኛ መምህሬ ያረፉ ሰሞን ነው። ለመታሰቢያቸው ልጽፍ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ደብተሬን አወጣሁ፤ አንዲት የክፍል ጓደኛዬም የእሷን ደብተር ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ርእስ ባስተማሩበት ቀን፣ በእኔ ደብተር «እስከ ማለት መቃብር ደጃፍ ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አይሻገርም» ይላል። በእሷ ደግሞ «እስከ ሲል መቃብሩንም ይጨምራል» ይላል። ሁለታችንም ያው ክፍል፣ ያው ሰዓት ነበርን። የትኛውን እንዳሉ የምጠይቃቸው እሳቸው የሉም። ረጅም ጊዜ ካመነታሁ በኋላ ሁለቱንም አሰፈርኳቸው፤ በመካከላቸው «አንድም» ጻፍኩ።